ቁርጥማትና ፍል ውሃ፦ የእጅና የአንጓ መገጣጠሚያ ሕመም ታሪክ ከወንዛዬ አንጻር

ወንዛዬ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በደራ ወረዳ፣ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና ሐይቅ በሚወርደው የጉማራ ወንዝ አካባቢ የሚገኝ ፍል ውሃ ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የሚኖር ሰው ጉልበቱ አላራምድ ሲለው፣ ወገቡን ሲይዘው፣ ጣቶቹ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ሲሉት ወንዛዬን ያስባል። ስንቁን ቋጥሮ፣ ከደጋው ብርድ ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ አንድ ወይም ሁለት ሱባኤ ቆጥሮ ይመለሳል። ለአንዱ ፍል ውሃ፣ ለሌላው ጠበል፣ ለብዙዎቹ ደግሞ ሁለቱንም ነው። ከውኃው የሚወጣ ሰው እጁን እያጠፈና እየዘረጋ ተሻለኝ ሲል ሐሰት አይናገርም። ሙቀት የተገተረን ጅማት ያላላል፣ ሥቃይንም ያስታግሣል። ጥያቄው ውኃው ይረዳል ወይስ አይረዳም አይደለም፤ ወደ ውኃው የሚወርዱት ሰዎች ሁሉ በአንድ ስም የሚጠሩት ሕመም በእርግጥ አንድ ነውን የሚል ነው። የሕክምና ታሪክ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

በአማርኛ የመገጣጠሚያ ሕመም ዋነኛው ስሙ ቁርጥማት ነው። ቃሉ ከ«ቆረጠመ» የተገኘ በመሆኑ ሕመሙን በስሜቱ ይገልጸዋል፤ አጥንትን እንደ ቆሎ የሚቆረጥም ነገር ማለት ነው። ሌላው ስም ሪህ ሲሆን በአረብኛ ነፋስ ማለት ከሆነው ቃል ጋር ይገጥማል። ሦስተኛው የሕዝብ አነጋገር «ብርድ ገባብኝ» ይላል። ይህ አስተሳሰብ የአገራችን ብቻ አልነበረም። አውሮፓውያን ሩማቲዝም የሚሉት ቃል የመጣው ፈሳሽ ወይም ጎርፍ ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ከራስ ወርዶ በመገጣጠሚያዎች ውስጥ የሚንጠባጠብ መጥፎ ፈሳሽ አለ ብለው ያምኑ ስለ ነበር ነው። እዚህ ነፋስ፣ እዚያ ፈሳሽ ተባለ እንጂ ሁለቱም ሕመሙ ከውጭ ገብቶ በሰውነት ውስጥ የሚዞር ነገር መሆኑን ተስማምተዋል። ሕክምናውም በዚያው ልክ ነበር፤ የገባውን ማስወጣት። ዋግምት፣ ብጣት፣ ትኩሳት ያለው ብረት፣ ላብ የሚያመጣ ጢስ፣ በመጨረሻም ሙቅ ውኃ። ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒትና ዕፀዋት ባሳተሙት ሥራ እንደሚታየው፣ በጽሑፍ የቆየው የአገራችን ሕክምና ሰፊና ዝርዝር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፍል ውሃና ቁርጥማት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ቦታ ከአንድ አውራጃ ያልፋል። በበጌምድርና በሰሜን መሳፍንት ወገን የተወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በእንጦጦ ብርድና ነፋስ በተቸገሩ ጊዜ ከተራራው ሥር ወዳለው ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። መኳንንቱም ለቁርጥማታቸው ወደዚያው ይወርዱ ነበር። በ1886 እቴጌይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ አዲስ አበባም ከዚያ ተነሣች። የአገሪቱ ዋና ከተማ ሥፍራ የተመረጠው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ መገጣጠሚያን በሚያስታግሥ ውኃ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም በፍል ውሃ ዳር ምን ሊሠራ እንደሚችል ለመረዳት ወደ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ወደምትባለው ከተማ መሻገር ይጠቅማል። ባዝም እንደ ወንዛዬ በሽተኛ ከሩቅ የሚጎርፍባት የሙቅ ምንጭ ከተማ ነበረች። በ1738 ለድሆች በሽተኞች የሚሆን ሆስፒታል ተመሠረተባት፤ በ1742ም በሽተኞችን መቀበል ጀመረ። በሽተኛው የሚገባው ሁኔታውን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ይዞ ነው፤ ሲወጣም ድኗል፣ ተሽሎታል፣ አልተሻለውም ወይም ሞቷል ተብሎ ይመዘገባል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በውኃ ዳር መዝገብ መያዝ ማለት ውኃው ለየትኛው ሕመም እንደሚበጅ፣ ለየትኛው እንደማይበጅ ቀስ በቀስ መለየት ማለት ነው። በ1761 ሠዓሊው ዊሊያም ሆር የዚህን ሆስፒታል ሐኪምና ቀዶ ጠጋኝ ሦስት በሽተኞችን ሲመረምሩ ሥሏል፤ አንዱ ሽባነት፣ ሁለተኛው ሩማቲዝም፣ ሦስተኛው ለምጽ ያለባቸው ናቸው። ዛሬ በአንድ ጠዋት ወንዛዬ ላይ የተገኘ የጤና ባለሙያ ከእነዚህ ከሦስቱ የራቀ ነገር ያገኛል ማለት ያስቸግራል።

ሦስቱም የእጅ ሕመም ሊሆኑ መቻላቸውም መታወቅ አለበት። በዚያ ዘመን ለምጽ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሶርያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ነበር፤ ይህ በሽታ ደግሞ በጥፍር ሥር ያሉትን የጣት መገጣጠሚያዎች ያስቆጣል። ሽባ ከሚባሉት መካከል ብዙዎቹ እርሳስ የመረዛቸው ሠዓሊዎች፣ የቧንቧ ሠራተኞችና እርሳስ የተቀላቀለበት መጠጥ የጠጡ ሰዎች ነበሩ፤ እጃቸው ከአንጓው ወድቆ ይንጠለጠል ነበር። በባዝ መዝገብ መሠረት ከእነዚህ ብዙዎቹ ይሻላቸው ስለ ነበር ለረጅም ጊዜ እንደ ተረት ተቆጥሮ ቆየ። በ1980ዎቹ ግን ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ሲለኩ፣ ሽንታቸው እንደሚበዛና ከሽንታቸው ጋር የሚወጣው እርሳስም እንደሚጨምር አረጋገጡ። እንግዲህ የድሮዎቹ በሽተኞች ተሻለን ሲሉ እውነታቸውን ነበር፤ ምክንያቱ ግን እነርሱ ካሰቡት የተለየ ነበር። ይህ ታሪክ የሕዝብን ልምድ በጅምላ ለሚያጣጥል ባለሙያም፣ በጅምላ ለሚቀበልም ትምህርት አለው።

መለየቱ በወረቀት ላይ የተጀመረው በፈረንሳይ ነው። በ1800 ኦጉስተን ላንድሬ ቦቬ የተባለ ወጣት ሐኪም በፓሪስ በሚገኝ ሆስፒታል ያያቸውን ዘጠኝ ሴቶች መሠረት አድርጎ የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረበ። ሕመማቸው ከሪህ ይለያል አለ፤ ሪህ በአብዛኛው ባለጸጋ ወንዶችን ሲይዝ ይህኛው ድሆች ሴቶችን ይዟል፣ ብዙ መገጣጠሚያዎችን በአንድነት ያጠቃል፣ ይቆያል፣ ሰውነትን ያደክማል። ያም ሆኖ አዲስ በሽታ ነው ለማለት አልደፈረም፤ የሪህ ዓይነት ነው ብሎ ተወው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ በ1848 በሪህ በሽተኞች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ መብዛቱን አሳየ፤ በ1859 ደግሞ ለሌላኛው ሕመም ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚለውን ስም አወጣለት። ከእነርሱ ቀደም ብሎ ዊሊያም ሄበርደን በጣት ጫፍ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጡትን ጠጣር እብጠቶች ከሪህ ጋር ግንኙነት የላቸውም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ ከሞተ በኋላ በ1802 ታትሟል። ሻርል ቡሻር በመካከለኛው የጣት መገጣጠሚያ ላይ የሚታየውን ተመሳሳይ እብጠት በ1884 ገለጸ። ከጋሮድ የደም ምርመራ በስተቀር ይህ ሁሉ የሆነው ያለ ራጅ፣ እጅን ይዞ በማየት ነው።

እጅ በእርግጥም ሕመሙን የሚናገር አካል ነው። በዕድሜና በሥራ ብዛት የሚመጣው ኦስቲዮአርትራይተስ የሚመርጠው የጥፍር ሥር መገጣጠሚያን፣ መካከለኛውን የጣት መገጣጠሚያና የአውራ ጣትን ሥር ነው። እብጠቱ ሲነካ እንደ አጥንት ይጠጥራል፤ የጠዋት መገተሩ በአብዛኛው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ሥራ ሲበዛ ያማል፣ ሲያርፉ ይበርዳል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን የጥፍር ሥርን ይተዋል። ጣት ከመዳፍ የሚገጥምበትን ቦታ፣ መካከለኛውን የጣት መገጣጠሚያና የእጅ አንጓን ይይዛል፤ ቀኝና ግራን አያበላልጥም፤ እብጠቱ ሲነካ ይለሰልሳል፤ የጠዋት መገተሩ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ዕረፍት ያባብሰዋል፣ መንቀሳቀስ ያሻሽለዋል። ከጊዜ በኋላ ጣቶች ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያዘነብላሉ፣ አንዱ መገጣጠሚያ ሲታጠፍ ሌላው ይቀለበሳል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ እጅ ሊጥ አያቦካም፣ እንዝርት አያሾርም፣ የታጠበ ልብስ አይጨምቅም፤ ለአራሹም ዕርፍ አይጨብጥም። በደጋው የገጠር ቤት ውስጥ የአንዲት እናት እጅ ሲገተር የሚቆመው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ቀርታ የእናቷን ሥራ ትረከባለች።

የሕክምናው ታሪክ ከስሙ ታሪክ በጣም ዘግይቶ ነው የተራመደው። አስፒሪን በ1899 ለገበያ ቀረበ፤ ሥቃይን ቀነሰ፣ በሽታውን ግን አላቆመም። ዣክ ፎረስቲየ በ1929 የወርቅ ጨው መርፌን አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን በሕክምና ታሪክ እጅግ ከሚያስደንቁት ምዕራፎች አንዱ ነው። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ፊሊፕ ሄንች ከ1929 ጀምሮ አንድ ነገር ያስተውል ነበር፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች የዓይን ብጫ የሚያመጣ የጉበት ሕመም ሲይዛቸው ወይም ሴቶቹ ሲያረግዙ የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ይለቃቸዋል። ስለዚህ በሽታው ሊመለስ የሚችል ነው፣ በሰውነት ውስጥም የሚመልሰው ነገር አለ ብሎ አመነ። ከኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል ጋር በመሆን መስከረም 21 ቀን 1948 በአውሮፓ አቆጣጠር ኮርቲዞን የተባለውን ንጥረ ነገር ለአንዲት ወጣት በሽተኛ ሰጡ። ከአልጋ መነሣት ያስቸግራት የነበረችው ሴት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች፣ ገበያም ወጣች። ሁለቱ ከታዴዎስ ራይሽስታይን ጋር በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ደስታው ብዙም አልቆየም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ተመለሰ፤ ሳይቋረጥ ሲቀር ደግሞ ፊት አበጠ፣ አጥንት ሳሳ፣ ስኳርና የደም ግፊት ጨመረ፣ ተደብቆ የቆየ ሳንባ ነቀርሳ ተነሣ። ሄንች ራሱ መድኃኒቱ ፈውስ አለመሆኑን ከመጀመሪያው አስጠንቅቆ ነበር። ይህ የሰባ ዓመት ታሪክ በአገራችን ገና ያላለቀ ታሪክ ነው። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ያለ ማዘዣ ገዝቶ፣ አንዳንዴም ስሙን ሳያውቅ፣ ከሕመም ማስታገሻ መርፌ ጋር የሚወስድ የቁርጥማት በሽተኛ በየጤና ተቋሙ ይታያል። በሁለተኛው ቀን እጁ ይፈታለታል፤ እንደ ማዮ ክሊኒኳ ሴት እርሱም ይደነቃል። የሚታየው ፊቱ ሲሞላ ነው፤ የማይታየው ከእብጠቱ መቀነስ ሥር አጥንቱ እየተበላ መሄዱ ነው። በዝቅተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ዋናው መድኃኒት ሥራ እስኪጀምር እንደ ድልድይ ቢሰጥ ግን ትልቅ ጥቅም አለው። ጥፋቱ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ድልድዩን ቤት አድርጎ ከመኖር ነው።

ዋናው መድኃኒት የተባለው ከሌላ በሽታ ተውሶ የመጣ ነው። ፍራንሲስ ፔጅ በ1951 ሜፓክሪን የተባለው የወባ መድኃኒት የሉፐስንና የመገጣጠሚያ ብግነትን እንደሚያሻሽል አስታወቀ፤ ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከዚያ ተከተሉ። ወባ በሚበዛበት በፎገራ ሜዳ ለሚያድግ ሰው ክሎሮኪን ከልጅነቱ የሚያውቀው መራራ ኪኒን ነው፤ ለቁርጥማትም እንደሚሆን ሲነገረው ላያምን ይችላል። በዚያው በ1951 ጉብነርና ባልደረቦቹ ለደም ካንሰር የተዘጋጀውን አሚኖፕቴሪንን ለሩማቶይድ በሽተኞች ሰጥተው መሻሻል አዩ፤ ነገር ግን በኮርቲዞን ዝና ተሸፍኖ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተረሳ። የዚሁ ዘመድ የሆነው ሜቶትሬክሴት በ1980ዎቹ በጥናት ተፈትኖ በ1988 በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ተፈቀደ። ዛሬ በመላው ዓለም የሕክምናው ምሰሶ ይህ ርካሽ ኪኒን ነው፤ ከ1998 ጀምሮ የመጡት ውድ ባዮሎጂካል መድኃኒቶችም ብዙውን ጊዜ የሚታከሉት በእርሱ ላይ ነው። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ በስሕተት የወሰዱት ሰዎች የአጥንት መቅኔያቸው ደርቆ ሞተዋል፤ ስለዚህ የሚወሰድበት ቀን ስም፣ ለምሳሌ «ሰኞ»፣ በካርዱ ላይ ተጽፎ ማንበብ ለማይችል በሽተኛና ለቤተሰቡም በቃል መነገር አለበት። ከእርግዝና ጋር አይሄድም፤ ፎሊክ አሲድ ይታከልበታል፤ የደምና የጉበት ምርመራ ይከተለዋል።

በአገራችን ይህ እውቀት ለምን ቀስ ብሎ ደረሰ ቢባል፣ መልሱ ከጤና አገልግሎቱ አመሠራረት ጋር ይያያዛል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1954 የተቋቋመው በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ማግሥት ነው። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ወባን፣ ታይፈስን፣ ፈንጣጣን፣ የእናቶችን ሞት ሊዋጉ ተላኩ፤ በትክክልም ተላኩ። ቁርጥማት አይገድልም ተብሎ በወረፋው መጨረሻ ቆመ። ልማዱ ግን ምክንያቱ ከተለወጠ በኋላም ቀረ። እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ የተመላላሽ ሕክምና መዝገብ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ በአንድ ቃል ይጻፋል፣ ሕክምናውም አንድ ዓይነት ማስታገሻ ይሆናል። የሩማቶይድ ፋክተር ምርመራ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይከተላል። ኤሪክ ቫለር በ1940፣ ሮዝና ባልደረቦቹ በ1948 የገለጹት ይህ ምርመራ በሳንባ ነቀርሳ፣ በጉበት ቫይረስና በጤነኛ አዛውንቶችም ሊገኝ ይችላል፤ በሽታው ካለባቸው ሰዎችም በብዙዎቹ ላይታይ ይችላል። እጁን ሳይነኩ ወረቀቱን ብቻ ማንበብ ላንድሬ ቦቬ ያለ ወረቀት ካየው ያነሰ ማየት ነው።

እጅን የሚያስቆጣ ሌላ እንግዳም መጥቷል። በ2016 በዶሎ አዶ፣ በ2019 ደግሞ በድሬዳዋ ቺኩንጉኒያ ተነሥቶ በድሬዳዋ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያዘ። ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን በሕመም ጎብጦ መሄድን ያመለክታል። ትኩሳቱ በቀናት ይለቃል፤ የጣቶችና የአንጓ ሕመሙ ግን በአንዳንዶች ለወራት ይቆይና ሩማቶይድን ይመስላል። ከቆላ ሥራ ወደ ደብረ ታቦር የተመለሰ የቀን ሠራተኛ እጁ አብጦ ሲቀርብ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የምርመራው አንድ ክፍል ሆኗል።

ወደ ወንዛዬ ስንመለስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት እጅ የማይሰማው እጅ ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ጎድቶ ጣቶችን ሲያኮማትር ከሩቅ ላየው የቁርጥማት እጅ ይመስላል፤ ነገር ግን መገጣጠሚያው አያብጥም፣ ቆዳው ንክኪና ሙቀት አይለይም። እንዲህ ያለውን እጅ ፍል ውሃ ውስጥ መንከር ባለቤቱ ሳያውቅ መቀቀል ነው። የቆየ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግርም እንዲሁ። በጥጥ ጫፍ ነክቶ ዓይን አስጨፍኖ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይወስድም። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የተኮማተሩ እጆችን በጅማት ማዛወርና በአካል ሕክምና ወደ ሥራ በመመለስ የዳበረ ልምድ ስላለው፣ እዚህ ላይ የሚደረግ ቅብብሎሽ ባዶ እጅ አይመልስም። ሁለተኛው ከትኩሳት ጋር በድንገት ያበጠ አንድ መገጣጠሚያ ነው፤ መግል የያዘ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ይፈርሳልና ሱባኤ አይጠብቅም። ሦስተኛው ለወራት ያበጠ፣ ብዙም የማያቃጥል አንድ የእጅ አንጓ ነው፤ ይህ የነቀርሳ ሊሆን ይችላል። የውኃው ንጽሕናም ራሱ ጥያቄ ነው። በባዝ አንዲት ልጅ በሙቅ ውኃ ውስጥ በሚኖር አሜባ ምክንያት በመሞቷ በ1978 የመታጠቢያው አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ እዚያ የሚታጠበው ሕዝብ የተመለሰው አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ አዲስ መታጠቢያ በ2006 ሲከፈት ነው።

የቀሩት፣ ማለትም ቀኝና ግራ እጃቸው አብጦ ጠዋት የሚገተሩት፣ ከጊዜ ጋር የሚሽቀዳደሙ ናቸው። አጥንቱ መበላት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ባለሙያዎች መመሪያም ሕክምናው በሦስት ወር ውስጥ እንዲጀመር ይመክራል። እነዚህን ሰዎች ከውኃው ማስቀረት አያስፈልግም፣ አይቻልምም። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ባስታወቁ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ይባል የነበረ ብዙ በሽተኛ ዐርፏል። ለቁርጥማትም ያው መንገድ ክፍት ነው፤ ውኃውም፣ የሳምንቱ ኪኒንም። በዚህ ረገድ በፍል ውሃው አቅራቢያ ያለ የጤና ባለሙያ ማወቅ ያለበት አንድ ትንሽ ነገር አለ። እጅ የሚታየው በሽተኛዋ ወደ ውኃው ከመግባቷ በፊት፣ በማለዳ ነው። ጣት ከመዳፍ የሚገጥምበት ረድፍ ከጎንና ከጎን ቀስ ተብሎ ይጨመቃል፤ ካመማት፣ መገተሩ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ከስንት ወር ጀምሮ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ይጻፋል። ከውኃው ከወጣች በኋላ ግን ጣቶቿ ስለሚፈቱላት ደኅና ነኝ ትላለች።